የእማዬ ልብ አልደከመም ነበር

እማዬ ደረጃ ስትወጣ መሃል ላይ ትቆምና ነጠላዋን ታስተካክል ነበር። አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤታችን አሥራ አራት ደረጃ አለው። ሰባተኛው ላይ ስትደርስ ነጠላው ይንሸራተታል። ሁልጊዜ ሰባተኛው ላይ። እኔም አንድ ዓመት ሙሉ ነጠላው ነው ብዬ ከኋላዋ ቆሜ ጠብቄያለሁ።

ለካ ትንፋሿን እየሰበሰበች ነበር።

በኋላ ሳስበው ምልክቱ ብዙ ነበር። ቡና መቁላቱን ለኔ ተወችው፤ ጭሱ ጉሮሮዬን ያዘኝ አለች። ማታ ማታ ከአንድ ትራስ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ወደ ሦስት ሄደች፤ መጨረሻ ላይ ሶፋው ላይ ተደግፋ ማደር ጀመረች፣ ምክንያቷ ደግሞ ቴሌቪዥን እያየሁ እንቅልፍ ወሰደኝ የሚል ነበር። የካልሲዋ ላስቲክ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጥልቅ ቀለበት ይተዋል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ጉድጓዱ ቶሎ አይሞላም። ቅዳሴ ላይ ቆማ የማትሰለች ሴት ወንበር መፈለግ ጀመረች። ሁሉንም በየተራ አይቻለሁ። አንድ ላይ አድርጌ ግን አላየኋቸውም።

መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ሐኪሙ «ኸርት ፌሊየር» አለ። በስልክ የምትሰማን አስተርጓሚ «የልብ ድካም» ብላ ተረጎመችው። አልተሳሳተችም፤ በአማርኛ የተለመደው ስሙ ይኸው ነው። እማዬም ተስማማች። «አዎ፣ ደክሟል» አለች። «ስድስት ልጅ ያሳደገ ልብ ነው፤ ቢደክም ምን ይገርማል?»

ከዚያ በኋላ ለደከመ ሰው የሚደረገውን ሁሉ አደረግንላት። ቁጭ በይ። ተይው፣ እኔ አነሳዋለሁ። ትንሽ ጋደም በይ። ዘመድ ሁሉ ከአገር ቤት እየደወለ «አይዞሽ፣ ዕረፍት ነው የሚያስፈልግሽ» ይላታል። ድካም የሚለው ቃል መድኃኒቱን አብሮ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ዕረፍት የሚባለውን። ሌላም ጣጣ አለው። ድንገት ደረቱን ይዞ የወደቀውንም ሰው «ልብ ድካም ነው» እንላለን፤ ያኛው ግን ልብን የሚመግበው የደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣ ሌላ ነገር ነው። ሁለቱን በአንድ ስም ስለምንጠራቸው እማዬ ማታ ስትተኛ ጠዋት ላትነሳ እንደምትችል አድርጋ ታስብ ነበር። ይህን የነገረችኝ ካለፈ በኋላ ነው።

ማናችንም ያልጠየቅነው አንድ ጥያቄ ነበር። ልቧ ለምን ደከመ?

መድኃኒት ተጀመረላት፣ አራት ዓይነት። መድኃኒቱ ሥራውን ሠርቷል፣ ይህን መካድ አልፈልግም። የእግሯ እብጠት ጎደለ፣ ከሦስት ትራስ ወደ ሁለት ተመለሰች። በኢኮ፣ ልብን በድምፅ ሞገድ በሚያሳየው ምርመራ፣ ሲታይ ግን ልቧ ያው ነበር። ኢኮ ላይ አንድ ቁጥር አለ፤ የግራው የልብ ክፍል ከያዘው ደም በአንድ ምት ስንት እጁን ገፍቶ ያወጣል የሚል። ጤነኛ ልብ ከመቶ 55 እና ከዚያ በላይ ያወጣል። የእማዬ 28 ነበር። ከአራት ወር በኋላ ሲለካ 30 ሆነ። ሐኪሙ «ጥሩ ነው፣ ባለበት ቆሟል» አለን። እሷ ግን አሁንም ሰባተኛው ደረጃ ላይ ነጠላዋን ታስተካክላለች።

በወንድሜ ጉትጎታ ሌላ ሆስፒታል ሄድን። ዶክተሯ ወጣት ናት። ገና ከመቀመጧ «የድሮ ኢሲጂ አላችሁ?» አለች፤ የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚያትመውን ምርመራ ማለቷ ነው። እማዬ ወረቀት አትጥልም። ከቦርሳዋ ቡናማ ፖስታ አወጣች፤ የክትባት ካርድ፣ የመብራት ደረሰኝ፣ የቅዱስ ገብርኤል ሥዕል፣ ከመሃላቸው ደግሞ አራት ቦታ የታጠፈ ሮዝ ወረቀት። ዶክተሯ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በመዳፏ አስተካከለችውና በእስክሪብቶ ጫፍ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት።

የምትቆጥረውን አሳየችኝ፤ እኔም ላሳያችሁ፣ ምክንያቱም ማንም ሰው ሊያየው የሚችል ነገር ነው። የኢሲጂ ወረቀት ትናንሽ ካሬዎች የተሰመሩበት ነው። ማሽኑ በተለመደው ፍጥነት ሲያትም አንዷ ትንሽ ካሬ 40 ሚሊሰከንድ ናት። የታችኛው የልብ ክፍል ሲመታ ወረቀቱ ላይ አንድ ሹል ነገር ይወጣል። የዚህ ሹል ወርድ ከሦስት ትንሽ ካሬ፣ ማለትም ከ120 ሚሊሰከንድ ማነስ አለበት። የእማዬ አራት ካሬ ያልፋል፤ 164 ነበር። ሹልም አይመስልም፤ አናቱ የተሰነጠቀ ሰፊ ጉብታ ነው። ከወረቀቱ ራስጌ ላይ ማሽኑ ራሱ በእንግሊዝኛ አትሞታል። የግራ ቅርንጫፍ መዘጋት ይላል። ቀኑን አየሁት። ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው።

ሁለት ዓመት ፖስታ ውስጥ ነበር። ያን ዕለት ወረቀቱን ያነሳላት ሰው አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለም። እኔም ወረቀቱን በእጄ ይዤ ከዚያ ክሊኒክ ወጥቻለሁ፣ አንብቤዋለሁም፣ ምን ማለት ነው ብዬ ግን አልጠየቅኩም። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ልብ የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር አለው። ምልክቱ የሚነሳው ከላይ በቀኝ በኩል ካለች ትንሽ ቦታ ነው። ከዚያ ወደ መሃል ይወርዳል፣ እዚያ ለአፍታ ይቆያል፣ ከዚያም በሁለት ቅርንጫፍ ይከፈላል፤ አንዱ ለቀኝ፣ አንዱ ለግራ። ይህን መስመር ከላይ እስከ ታች ተከታትሎ ያሳየው ሱናኦ ታዋራ የሚባል ጃፓናዊ ሐኪም ነው። ጀርመን አገር ማርቡርግ ከተማ ማይክሮስኮፕ ላይ አቀርቅሮ ከርሞ በ1906 አሳተመው። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የግራው ቅርንጫፍ ሲዘጋ ልብ አይቆምም። ቀኙ በመስመሩ ትእዛዙን ወዲያው ያገኛል። ግራው ግን ከሥጋ ወደ ሥጋ እየተቀባበለ ነው የሚደርሰው። አንዱ ሰው ስልክ ተደውሎለት፣ ሌላው ወሬው ከደጅ ወደ ደጅ ተላልፎ እንደሚሰማው ማለት ነው። ልዩነቱ የሰከንድ ሽራፊ ነው፣ ለልብ ግን ብዙ ነው። በሁለቱ ክፍሎች መሃል ያለው ግድግዳ ቀድሞ ይኮማተራል፤ በስተግራ ያለው ውጫዊ ግድግዳ ገና ልል ስለሆነ ደሙ ወደዚያ ይገፋል። ውጫዊው ግድግዳ ሲኮማተር ደግሞ የመሃሉ ጨርሶ እየላላ ነው፤ ደሙ ተመልሶ ወደ መሃል ይገፋል። ደሙ ውስጥ ለውስጥ ይዋልላል እንጂ በደንብ አይወጣም። ልብ በቀን ወደ 100 ሺህ ጊዜ ይመታል። በቀን 100 ሺህ ጊዜ እንዲህ ሲለፋ የኖረ ልብ እየሰፋ፣ እየላላ ይሄዳል።

ዶክተሯ ይህን ስትናገር እኔ ነበርኩ የማስተረጉመው፤ በግማሽ አስተረጉማለሁ፣ በግማሽ አለቅሳለሁ። እማዬ ዝም ብላ ስትሰማ ቆየችና «እና ሁለቱ በሬዎች እኩል አይስቡም ነው የምትለው?» አለችኝ።

እማዬ የደብረ ማርቆስ ዙሪያ ገበሬ ልጅ ናት። አያቴ ሲያርስ ቁርስ ታደርስለት ነበር። «አንዱ ቀድሞ ከሳበና ሌላው ከዘገየ ቀንበሩ ይዞራል» አለች፣ በሁለት እጇ እያሳየች። «ትልሙ ይጣመማል። ሁለቱም ላብ በላብ ይሆናሉ፣ መሬቱ ግን አይታረስም። ገበሬው ያን ጊዜ በሬው ደከመ ይላል። በሬው ግን አልደከመም።»

ይህን ለዶክተሯ ወደ እንግሊዝኛ መመለስ ነበረብኝ። ቀንበር ምን እንደሆነ አላወቀችም። እዚያው ኢሲጂው ጀርባ ላይ ሁለት በሬ፣ አንድ ቀንበር፣ አንድ ሞፈር ሣልኩላት። ሥዕሌ አያምርም። እሷ ግን ትኩር ብላ አየችውና የግራውን በሬ በእስክሪብቶ ከበበችው። «እዚህ ጋ አንድ ሽቦ እናስገባለን» አለች።

ሕክምናው ይኼ ነው። ፔስሜከር የሚለውን ቃል ብዙዎቻችን እናውቀዋለን፤ ልቡ በጣም ቀስ ብሎ ለሚመታ ሰው የሚገባ ማሽን ነው ብለን። የእማዬ ልብ ግን ቀስ አላለም፤ ምቱ በደቂቃ 76 ነበር። ለእሷ የታሰበው ፔስሜከር ሥራው ሌላ ነው፤ ቀኝና ግራውን በአንድ ጊዜ እንዲመቱ ማድረግ። ሦስት ሽቦ አለው። አንዱ ከላይ ቀኝ ክፍል ይገባል፣ ሁለተኛው ከታች ቀኝ ክፍል፣ ሦስተኛው ደግሞ የልብን የራሱን ደም በሚመልሰው የደም ሥር ውስጥ ሾልኮ በግራው ክፍል በውጪ በኩል ይቀመጣል። ያ ሦስተኛው ሽቦ ነው ለዘገየው በሬ በጊዜው የሚነግረው።

ሐሳቡ ያን ያህል አሮጌ አይደለም። ፈረንሳይ ውስጥ ሰርዥ ካዞ እና ባልደረቦቹ በ1994 አንድ የ54 ዓመት ሰው ላይ ሞክረው ውጤቱን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ትልልቅ ጥናቶች መጡ። ለኔ ያሳመነኝ ኬር ኤችኤፍ የሚባለው የአውሮፓ ጥናት ነው፤ በ2005 ወጣ፣ 813 ሕመምተኞች ነበሩበት። ሦስት ሽቦ ያለው ፔስሜከር የገባላቸው መድኃኒት ብቻ ከሚወስዱት ጋር ሲነጻጸሩ የመሞት ዕድላቸው በ36 በመቶ ቀነሰ። ቁጥሩን ለወንድሜ በስልክ ስነግረው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

የሚጠቅመው ለሁሉም አይደለም፣ ዶክተሯም አልደበቀችንም። ሦስት ሰው ቢሠራለት አንዱ ያን ያህል ለውጥ አያገኝም። በደንብ የሚጠቅመው ያ ሹል ነገር 150 ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ለሰፋባቸው፣ መስመሩም በግራ በኩል ለተዘጋባቸው፣ የልባቸው ቁጥርም መድኃኒቱን በደንብ ወስደው ከ35 ላልበለጠ ሰዎች ነው። እማዬ ሁሉንም ታሟላለች። ሴቶች ደግሞ ከወንዶች የተሻለ ውጤት እንደሚያገኙ በጥናት ታይቷል። ይህን ስነግራት «እንግዲህ አንድ ነገር እንኳ ለኛ ይድላን» አለች።

ከዚያ ፍርሃቷ መጣ። ስለ ቢላዋው አልነበረም። ለሁለት ቀን ስትብሰለሰል ቆይታ ሦስተኛው ቀን ማታ፣ ሳህን እያጠብኩ፣ ከኋላዬ መጥታ «የምሞትበት ቀን ሲደርስ ይኼ ማሽን ነፍሴን አትወጪም ብሎ ቢያስቀርብኝስ?» አለችኝ። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ተውኩት። የምሯን ነበር። በማግሥቱ ለዶክተሯ ደወልኩ። «ማሽኑ ትእዛዝ ብቻ ነው የሚሰጠው» አለችኝ። «የሚመታው ልቡ ነው። ጊዜው ሲደርስ ልቡ ትእዛዙን አይሰማም።» ለእማዬ ነገርኳት። ነፍስ አባቷንም በስልክ ጠየቀች። የሐኪም እጅም በእግዚአብሔር ፈቃድ ነው አሏት። ከዚያ በኋላ አላመነታችም።

ሌላም ውሳኔ ነበር። ይኸው ማሽን በሁለት ዓይነት ይመጣል፤ አንደኛው ሁለቱን ወገን ከማናበብ በላይ ልብ ክፉኛ ቢዛባ በኤሌክትሪክ መትቶ የሚመልስ ነው። እንደ እማዬ የደም ሥራቸው ላልተዘጋ ሰዎች የዚህ ተጨማሪ ጥቅም አከራካሪ መሆኑን፣ ዴንማርክ ውስጥ ተሠርቶ በ2016 የወጣ ጥናት ለነሱ አጠቃላይ ሞትን እንዳልቀነሰ ዶክተሯ አስረዳችን። እማዬ ቀለል ያለውን መረጠች።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ወሰዷት። ሙሉ ማደንዘዣ የለውም፤ በግራ በኩል ከአንገት አጥንቷ በታች ቦታውን አደንዝዘው፣ የሚያረጋጋ መድኃኒት ሰጥተው ነው የሚሠሩት። እኔ መጠበቂያ ክፍል ተቀምጬ ስለ አርነ ላርሶን አነበብኩ። ይህን ሰውዬ ሁላችሁም ብታውቁት ደስ ይለኛል።

ላርሶን ስዊድናዊ ነው። በ1958 ልቡ እየቆመ በቀን ብዙ ጊዜ ራሱን ይስት ነበር፤ ዕድሜው 43 ነው። ሚስቱ ኤልሰ ማሪ አንድ ሐኪምና አንድ ኢንጂነር በሰውነት ውስጥ የሚቀመጥ ፔስሜከር እየሞከሩ እንደሆነ ሰማችና ሄደች። ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግ፣ ኢንጂነሩ ሩነ ኤልምክቪስት ይባላሉ። ለሰው የሚሆን ገና አልሠራንም አሏት። ሥሩ አለቻቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው እየተመላለሰች አላስቀምጥ አለቻቸው። ኤልምክቪስት ዕቃዎቹን በሙጫ ሲያሽግ ለቅርጽ ማውጫ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ተጠቀመ፤ አዲስ አበባ ሊስትሮዎች ሳጥን ላይ ተደርድሮ የምናውቀውን ዓይነት። ኦክቶበር 8 ቀን 1958 ገባለት። የመጀመሪያው ማሽን በሰዓታት ውስጥ ተበላሸ። ሌላ ገባለት። እንዲህ እየተቀያየረለት 26 ማሽን ጨረሰ። የሞተው በ2001 ነው፣ በ86 ዓመቱ፣ ያውም በሌላ በሽታ። ሐኪሙንም ኢንጂነሩንም ቀብሮ ነው የሄደው።

ያቺን ሴትዮ ሳስብ የራሴ ሮዝ ወረቀት ትዝ አለኝ። እሷ ያልተሠራ ነገር እንዲሠራ አስገደደች፤ እኔ የተጻፈ ነገር እንዲነበብልኝ አልጠየቅኩም።

ወደ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ዶክተሯ ጭምብሏን አገጯ ላይ ዝቅ አድርጋ መጣች። «ጥሩ ቦታ አግኝተናል» አለች። ማታ እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ደህና ትመስላለች። ግን በግራ ጎኗ ስትዞር ሆዷ ዝልል ይላል። ስቅታ መሰለኝ። ውሃ ሰጠኋት። አልተዋትም። ብርድ ልብሱን ገልጬ ሳይ፣ ከግራ ጎድኗ በታች ያለው ቆዳ ከልብ ምቷ ጋር እኩል ቱክ ቱክ ይላል። ደነገጥኩ። ነርሷ ግን አልደነገጠችም። ለካ ሦስተኛው ሽቦ ለመተንፈሻው ጡንቻ ትእዛዝ በሚያደርሰው ነርቭ አጠገብ ስለሚያልፍ ኤሌክትሪኩ እሱንም ሊነካው ይችላል። ጠዋት ቴክኒሻኑ ኮምፒውተር ይዞ መጣ፣ ደረቷ ላይ አንድ ነገር አስቀመጠ፣ ኤሌክትሪኩ ሽቦው ጫፍ ላይ ካሉት ነጥቦች በየትኛው እንደሚወጣ ቀየረው። ዝላዩ ቆመ። ቢላዋም መርፌም አላስፈለገም። እማዬ «አሁን ገባ፣ ቅድም የጎረቤት በሬ ነበር የነዳው» አለች።

ወደ ቤት ስንመጣ የተሰጠን ትእዛዝ አጭር ነው። የግራ ክንድ ለስድስት ሳምንት ከትከሻ በላይ አይነሳ፤ ሽቦዎቹ ቦታቸውን እስኪይዙ። ስልክ በግራ ደረት ኪስ አይቀመጥ። ካርዷ ከቦርሳዋ አይለይ። ክንዱ ነው ያስቸገራት። ነጠላ በአንድ እጅ አይለበስም። በየጠዋቱ እኔ አለብሳት ነበር፤ ጥለቱን በትክክለኛው በኩል ባላደረግኩት ቁጥር አስፈትታ እንደገና ታስለብሰኛለች። ያ ሳምንት ሕማማት ነበር፤ ስግደትም ቀረባት። ስቅለት ዕለት ተቀምጣ ራሷን ብቻ ዝቅ ቀና ስታደርግ ዋለች።

ለውጡ በአንድ ቀን አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ከእንቅልፌ ስነቃ የቡና ሽታ አለ። የቆላችው ራሷ ናት፤ መስኮቱን እንኳ አልከፈተችም። በሁለተኛው ወር ትራሷ አንድ ሆነ። በስድስተኛው ወር ኢኮ ተነሳች። 46። ሰፍቶ የነበረው ልቧም ጠቦ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። ያ የተለጠጠ ሥጋ እኩል ሲያስመቱት ራሱን መሰብሰብ ይችል ነበር ማለት ነው፣ ያን ሁሉ ጊዜ። ደረጃውን ቆጥሬ አላውቅም አሁን። እሷ ቀድማኝ ላይ ትሆናለች።

ሁለት ነገር ሳልል ማለፍ አልችልም። አንደኛ፣ ዘመዳችሁ ተራ ፔስሜከር ለዓመታት ኖሮት አሁን ትንፋሽ ማጠር ከጀመረው፣ ዕድሜ ነው ብላችሁ አትተዉት። በቀኝ በኩል ብቻ ሁልጊዜ የሚመታ ሽቦ ራሱ፣ ልክ እንደ ተዘጋው የእማዬ መስመር፣ በአንዳንድ ሰው ላይ ግራውን ያዘገየዋል፣ ልቡንም ያላላዋል። ይህ ታውቆ ማሽኑ ሊሻሻል ይችላል። አዲስ መንገድም አለ። በ2017 ቻይና ዌንዡ ከተማ ዌይጂያን ሁዋንግ እና ባልደረቦቹ አንዲት የ72 ዓመት ሴት ላይ ሽቦውን በመሃሉ ግድግዳ ውስጥ አዙረው በማስገባት ከተዘጋው ቦታ ወዲያ ያለውን የግራውን መስመር ራሱን አገኙት። ተፈጥሮ በሠራችው መንገድ ማለት ነው። አሁን በብዙ አገር እየተሠራ ነው፤ ለእማዬም የሦስተኛው ሽቦ ቦታ ባይገኝ ይህ ነበር ሁለተኛው ዕቅድ።

ሁለተኛው ነገር ገንዘብ ነው። እማዬ ኢንሹራንስ ነበራት። አገር ቤት ብትሆን ኖሮ ብዬ የማላስብበት ሌሊት የለም። ማሽኑ ውድ ነው፣ የሚያስገባው ሐኪምም እንደልብ አይገኝም። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ሐኪሞች ከሞቱ ሰዎች ላይ በቤተሰብ ፈቃድ የወጡ ፔስሜከሮችን አጽድተው፣ ፈትሸው፣ መግዣ ለሌላቸው አገሮች ለመስጠት ለዓመታት ሲሠሩ ኖረዋል፤ በ2024 ባቀረቡት ጥናት የታደሰው ማሽን በኢንፌክሽን በኩል ከአዲሱ የከፋ ሆኖ አልተገኘም። እማዬ ይህን ስነግራት «የኔንም ስሞት አውጥተው ይስጡልኝ» አለች። በጽሑፍ አስፈርማኛለች፤ ወረቀቱ ያው ቡናማ ፖስታ ውስጥ ነው።

ባለፈው ወር ለምርመራ ሄድን። ቴክኒሻኑ «የራሷን ምት ልየው» ብሎ ማሽኑን ለጥቂት ሰከንድ አቆመው። ስክሪኑ ላይ ሹሎቹ ወዲያው ሰፉ፤ ያ አናቱ የተሰነጠቀ ጉብታ ተመልሶ መጣ። እማዬ አየችው። አላወራችም፣ ክንዴን ብቻ ያዘች። መልሶ ሲያበራው ጠበበ። ሁለቱ ጎን ለጎን ያሉበትን ወረቀት ለመነችውና አተመላት።

ማታ ወረቀቱን ፎቶ አንሺና ለአክስትሽ ላኪላት አለችኝ። አክስቴ ደብረ ማርቆስ ናት። ለእሷም «የልብ ድካም ነው» ከተባለች ዓመት አልፏታል። «የሷንም ወረቀት ይፈልጉላት» አለች እማዬ። «የሌላ ሰው ካርድ ላይ ተጣብቆ ይሆናል፣ ይፈልጉላት።»

ከአሥር ቀን በኋላ በቴሌግራም መጣ። የአክስቴ ልጅ ወረቀቱን ምሶብ ላይ ዘርግቶ ነው ያነሳው፤ አንደኛው ጥግ ላይ የበርበሬ ጣት አለበት። አሳድጌ ቆጠርኩ። እማዬ በትከሻዬ ላይ ሆና አብራኝ ትቆጥራለች። አንድ፣ ሁለት፣ ግማሽ። ደግመን ቆጠርን። ሁለት ተኩል ካሬ። ለዶክተሯም ላክሁላት፤ መስመሩ ደህና ነው፣ የሷ ችግር ሌላ ቦታ ነው፣ የልብ በሮቿን በኢኮ ይዩላት አለች። ልጅ ሳለች መገጣጠሚያዋን ያማት እንደነበር፣ የልብ በርን ሊጎዳ የሚችል ዓይነት ሕመም፣ እማዬ ያኔ ነው ያስታወሰችው። ኢኮ ባሕር ዳር ለማክሰኞ ቀጠሮ አስይዘንላታል። የአክስቴ ልጅ ይዟት ይሄዳል፤ ወረቀቱንም እንዳይረሳ እማዬ በየቀኑ ትደውልለታለች።